ሪሞቷ እምቢ ስትል… ከመካኒኩ በፊት ባትሪዋን!

ከካፌ ወጥቶ ወደ መኪናው የሚያመራውን የከተማችንን ወጣት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ገና አሥር እርምጃ ሲቀረው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ይጫናታል። መኪናዋም «ጢጥ!» ብላ ፍሬቻዋን ብልጭ ታደርግለታለች። እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ቀና ብሎም ሳያያት በሩን ከፍቶ ግብት! ይህች «ጢጥ» የምትባል ድምፅ ስንቱን እንዳኮራች፣ ስንቱንስ «የኔ እኮ ናት» እንዳሰኘች ቤት ይቁጠረው።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ይጫናታል፤ ዝም! ጠጋ ብሎ ይጫናታል፤ አሁንም ዝም! ወደ ሰማይ ያነሳታል፣ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋታል፣ አገጩ ሥር አስገብቶ ይሞክራታል። (አገጭ ሥር ማስገባቱ እንኳ የእብድ ሥራ አይደለም። ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሞገዱን ስለሚያግዝ ርቀቱን ጥቂት ይጨምራል። አላፊ አግዳሚው ግን ይህን አያውቅምና መሳቁ አይቀርም።) ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰው «የራሱ መኪና ትሆን? ወይስ…» በሚል ዓይን ያየው ጀመር። ያቺ መኩሪያ የነበረች ዕቃ በአንድ አፍታ ማፈሪያ ሆና አረፈችው!

እኛም ይህ ጉዳይ ስንቱን ወጣት ኪሱን እንዳራቆተው ስለሰማን ነው ዛሬ ልናወጋችሁ የተነሳነው። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚጎዳው የሪሞቷ መበላሸት አይደለም። ከተበላሸች በኋላ በድንጋጤ የሚደረገው ነገር ነው።

«ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል!»

በስልክ ጥሪ ታክሲ የሚሠራ አንድ የ26 ዓመት ወጣት አለ። የሚነዳት መኪና የራሱ አይደለችም፤ ለባለንብረቱ በየቀኑ የሚያስረክበው ገቢ አለው። አንድ ምሽት ሃያ ሁለት አካባቢ ራት በልቶ ሲወጣ ሪሞቷ ዝም አለችው። መኪናዋ ደግሞ ቁልፍ ሳይከተት በአዝራር የምትነሳ ዓይነት ናት። ያኔ ተሳፋሪ በስልክ ይጠራዋል፣ እሱ ደግሞ በሩን መክፈት አልቻለም። በጭንቀት ላይ ሳለ አንድ «ነገሩ ይገባኛል» የሚል ሰው ብቅ ይልና «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል» ይለዋል። በቃ! በተጎታች ተጭና ጋራዥ ገባች።

«ሦስት ቀን ያለ ሥራ ቁጭ አልኩ» ይላል። «ለባለንብረቱ የምሰጠውን ከዕቁብ ብር ላይ ሞላሁ። ለተጎታቹ ከፈልኩ፤ ‹ለኮምፒውተሩ› ከፈልኩ። ከሳምንት በኋላ የጋራዡን ረዳት ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁትና ‹እውነቱን ልንገርህ ወንድም፣ የቀየርነው የሪሞቷን ባትሪ ብቻ ነው› አለኝ። ልሳቅ ወይስ ልናደድ? እስካሁን አልወሰንኩም።»

ጋራዥ ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። እጃቸው የተባረከ፣ ሐቀኛ ባለሙያዎች በየሰፈሩ አሉ። ነገር ግን ምንም የማያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ሐቀኛውም ቢሆን ይፈተናል። ስለዚህ እስቲ ይህችን የመዳፍ ዕቃ ትንሽ እንወቃት።

አንዲት ቁልፍ፣ ሁለት ሥራ

እጃችሁ ላይ ያለችው ሪሞት ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች በአንድ ቤት ይኖራሉ። አንደኛው ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። በሩን «ክፈት፣ ዝጋ» የሚለው እሱ ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም በባትሪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባትሪ የማያስፈልገው ቺፕ ነው። ሥራው ሞተሩ እንዲነሳ መፍቀድ ሲሆን፣ ኃይል የሚያገኘው ከመኪናዋ ነው። ቁልፍ ማስገቢያው ወይም የማስነሻው አዝራር ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ቺፑ ሲጠጋው ከዚያ ኃይል ተቀብሎ «እኔ ነኝ፣ የቤት ልጅ ነኝ» ብሎ ቁጥሩን ይነግራታል። ቁጥሩ ካልገጠመ ሞተሩ አይነሳም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህን ዓይነቱን መከላከያ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ አድርገውታል።

ነገሩ ገባችሁ አይደል? ባትሪው ሞተ ማለት መኪናዋ አትነሳም ማለት አይደለም! ያ ምስኪን ሹፌር ይህችን አንዲት ነገር ቢያውቅ ኖሮ የዚያኑ ምሽት ተሳፋሪውን ይዞ ይሄድ ነበር።

ስለ ሬዲዮው ካነሳን አይቀር አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የቴሌቪዥን ሪሞት መሥራቷን ለማወቅ በስልክ ካሜራ ፊት አድርጎ መጫንና ብርሃን መፈለግ የተለመደ ነው። ይህ የሚሠራው በማይታይ ብርሃን ለሚሠሩት ነው። የመጀመሪያዎቹ የመኪና ሪሞቶችም እንደዚያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሬኖ «ፉዌጎ» በምትባል መኪናው ላይ ይዞት የወጣው የበር ሪሞት በብርሃን ነበር የሚሠራው፤ አንዳንድ የቆዩ መርሴዲሶችም እንዲሁ ናቸው። የዛሬዎቹ ግን በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠሩ ካሜራው ምንም አያሳያችሁም። «ብርሃን የላትም፣ ሞታለች» ብሎ ደህናዋን ሪሞት የጣለ ሰው እንዳለ ሰምተናል… አይ ሞኝነት!

በር ላይ ቆማችኋል፤ መሽቷል…

መጀመሪያ ነገር፣ አትሩጡ። ሪሞቷን ገልበጥ አድርጋችሁ ጎኗን ወይም ጀርባዋን ተመልከቱ። አብዛኞቹ ያለ ቁልፍ የሚነሱ መኪኖች ሪሞት ውስጥ ቀጭን የብረት ቁልፍ ተደብቆ ተቀምጧል፤ ትንሿን መያዣ ገፋ ወይም ጫን አድርጎ መሳብ ነው። ይህን ሳያውቅ ሦስትና አራት ዓመት የነዳ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

«የብረት ቁልፉስ እሺ፣ በሩ ላይ ቀዳዳ የታለ?» ትሉ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በሹፌሩ በር እጀታ ላይ ነው ያለው። አንዳንድ መኪኖች ለውበት ሲባል በፕላስቲክ ክዳን ሸፍነውታል። ከክዳኑ ሥር ቀጭን ክፍተት ታገኛላችሁ፤ በቁልፉ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ፈንቀል ነው። ቀስ በሉ ግን፣ ቀለም እንዳትፍቁ! በሩ በብረት ሲከፈት አላርሟ ሰፈሩን ልትቀውጠው ትችላለች። ዘበኛው ይሮጣል፣ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ይላል። አትደንግጡ፤ ሞተሩን ስታስነሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ትላለች።

እንዴት ትነሳለች? ያው ቺፑን ወደ አዝራሩ ማስጠጋት ነው። በቶዮታዎቹ ፍሬን ረግጣችሁ የሪሞቷን አርማ ያለበትን ፊት የማስነሻው አዝራር ላይ ታስነካላችሁ፤ ድምፅ ስትሰሙ አዝራሩን መጫን። በሃዩንዳይና በኪያ ብዙ ሞዴሎች ደግሞ አዝራሩን በጣት ሳይሆን በራሷ በሪሞቷ ትጫኑታላችሁ። ሌሎቹ ሪሞቷ የምትቀመጥበት የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ከመሪው ዘንግ አጠገብ፣ ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ ወይም መሐል ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ። ቦታው ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ማኑዋሉ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ ሥዕሉን እዩ፤ ሥዕል ቋንቋ የለውም። ይህን ግን ቀን ላይ፣ ተረጋግታችሁ እያላችሁ ሞክሩት። ምሽት ላይ፣ ዝናብ እየመታ፣ ሰው እያየ የሚሞከር ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበት አንድ ነገር እንበል። ሕፃን ውስጥ ተቀምጦ በሩ ከተዘጋና ሪሞቷ እምቢ ካለች፣ መኪናዋም ፀሐይ ላይ ከቆመች፣ ሰዓት እየቆጠሩ ቁልፍ ሠሪ መጠበቅ የለም። ከሕፃኑ ርቆ ያለውን የጎን መስኮት ስበሩት። መስታወት ይገዛል።

ባትሪዋ

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። ሪሞት በድንገት አትሞትም፣ ታማ ነው። መጀመሪያ ርቀቷ ያጥራል። ከሃያ እርምጃ ትከፍት የነበረችው በሦስት እርምጃ፣ ከዚያም በሩን ካልነካችሁት አልከፍትም ትላለች። ሁለት ሦስቴ መጫን ትጀምራላችሁ። በጠዋት ብርድ እምቢ ትልና ከሰዓት እሺ ትላለች፤ ብርድ የደከመ ባትሪን ይበልጥ ስለሚያደክም ነው። ትንሿ መብራቷ ትደበዝዛለች። አንዳንዷ መኪና ደግሞ «የቁልፉ ባትሪ አልቋል» ብላ ዳሽቦርዱ ላይ ጽፋ ታሳያችኋለች፤ እናንተ ግን «ቆይ ነገ» እያላችሁ ወራት ታሳልፋላችሁ።

ምን ያህል ትቆያለች? ተራዋ ሪሞት የምትሠራው ስትጫኗት ብቻ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትሄዳለች። ኪስ ውስጥ ሆና በር የምትከፍተው ግን መኪናዋ ጠርታት እንደሆነ ሌት ተቀን ታዳምጣለች፤ ስለዚህ ቶሎ ትደክማለች። ቶዮታ ለዚህች ዓይነቷ ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው የሚለው። በተጨማሪም ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒውተርና ከስልክ ቻርጀር አጠገብ አታሳድሯት ይላል፤ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ሪሞቷን ከስልካችሁ ጋር ቻርጀሩ ላይ የምታጋድሙ፣ ሰምታችኋል?

ባትሪዋ እንደ ሳንቲም ክብ ናት። ጀርባዋ ላይ ቁጥር አለ፤ በብዛት የሚገኙት ሲአር 2032፣ ሲአር 2025፣ ሲአር 2016፣ አነስ ያሉት ደግሞ ሲአር 1632 እና 1620 ናቸው። ቁጥሩ ምሥጢር አይደለም። 2032 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 2025 ደግሞ ያው 20 ስፋት፣ ውፍረቷ 2.5። ሁሉም 3 ቮልት ናቸው። «ያው 3 ቮልት ከሆነ ምን ለየው» ብሎ ቀጭኗን በወፍራሟ ቦታ የሚያስገባ አለ። ትላላለች፤ መንገድ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር እየተቋረጠች ታበሳጫችኋለች። ወፍራሟን በቀጭኗ ቦታ ከጠቀጠቃችሁ ደግሞ መያዣውን ታጣምሙታላችሁ።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። አንዳንድ የቆዩ ሪሞቶች ሁለት 2016 ባትሪ ተደራርቦ ነው የሚገባባቸው፤ በአንድ ላይ 6 ቮልት ይሆናሉ። የሁለቱ ውፍረት ሲደመር 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልክ የአንዷን 2032 ያህል! ሻጩ «ይህቺው ትሆናለች» ብሎ አንዷን ሲሸጥላችሁ ልክክ ብላ ትገባለች። ኃይሉ ግን ግማሽ ነው። ያኔ «አዲስ ባትሪ አስገብቼ እንኳ እምቢ አለች፣ ሪሞቷ ናት የተበላሸችው» ትላላችሁ። ስለዚህ ስትከፍቱ ስንት ባትሪ እንዳለ ቁጠሩ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። የ«+» ምልክቱ ወደየት እንደሚያይ የምታስታውሱት በፎቶው ነው።

አከፋፈቷ ቀላል ነው። የብረት ቁልፉ ከወጣበት ቦታ ላይ ክፍተት ይኖራል፤ ቀጭን ካቻቢቴ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠምዘዝ ብታደርጉት ትሰነጠቃለች። ጎኗ ላይ ብሎን ያላትም አለች። ባትሪዋን በወረንጦ አትያዟት፤ ብረቱ ሁለቱን ፊት ካገናኘ አዲሷም ትደክማለች። ላብና ቅባት ባለበት ጣትም ፊቷን አትደባብሱ። የምትገዟትን ደግሞ ከነማሸጊያዋ ግዙ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተበትና ፀሐይ ስትመታ የከረመች «አዲስ» ባትሪ፣ አዲስ አይደለችም።

ቴስተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ለኩ። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ታሳያለች። 2.7 ወይም ከዚያ በታች ካሳየች ለመቀየር አታመንቱ። «3 ቮልት አላት» ብሎ መተማመን ግን አይበጅም፤ ሥራ ሳይበዛባት ደህና የምትመስል፣ ስትጫኗት ግን እጥፍ የምትል ባትሪ ሞልታለች። አዲስ አስገብታችሁ ማየቱ ይሻላል። ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ እሱ ነው።

«የሚያምር ኬዝ አለ፣ ልቀይርልሽ?»

በአንድ የግል መሥሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ያጋጠማት ነገር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። የአባቷን መኪና ነው የምትነዳው። ሪሞቷ ተሰነጣጥቃ በፕላስተር ታስራ ነበርና አንድ ቀን መንገድ ዳር ቁልፍ የሚቀርጽ ልጅ ጋ ቆመች። «እህቴ፣ የሚያምር ኬዝ አለ፣ ልቀይርልሽ?» አላት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ብረቱን ቀረጸ፣ ሰሌዳውንና ባትሪውን አዛወረ፣ ተጫነችው… «ጢጥ!» ሠራ። ከፍላ ሄደች። አሮጌው ቅርፊት እዚያው ቀረ።

ማታ መኪናዋ ቆማ ስለነበር ምንም አላወቀችም። በማግስቱ ጠዋት እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ልትሄድ ነው፤ ወራት የተጠበቀ ቀጠሮ ነው። በሩ ተከፈተ። ሞተሩን አዞረችው፤ ይዞራል፣ አይነሳም። ዳሽቦርዱ ላይ የመኪናና የቁልፍ ሥዕል ያላት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አባት «ምን አድርገሻት ነው?» ይላሉ፤ እናት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። በመጨረሻ በታክሲ ሄዱ፤ አርፍደው ደረሱ።

የሆነውን እናንተ አሁን ገምታችሁታል። ቺፑ ቀርቷል! በብዙ የቆዩ ቁልፎች ቺፑ ሰሌዳው ላይ አይደለም ያለው። ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ መስታወት ወይም ጥቁር ቁራጭ ሆኖ በፕላስቲኩ ውስጥ ለብቻው ተሸጉጦ ይቀመጣል። ልጁ አላየውም፤ ወይም ፕላስቲክ መስሎት ተወው። «የከሰዓቱን ፈቃድ ወስጄ ልጁ ዘንድ ስሄድ ቆሻሻውን በጆንያ አስሮ ሊጥል ሲል ደረስኩ» ትላለች። «መንገድ ላይ ዘርግፈን ሁለታችንም ተንበርክከን ፈለግነው። አላፊው ወርቅ የጠፋን ነው የመሰለው።» ተገኘ፣ ተመስገን ነው። ባይገኝ ኖሮ ሌላ ቺፕ ገዝቶ በመሣሪያ ከመኪናዋ ጋር ማላመድ ነበር የሚጠብቃት።

ስለዚህ ኬዝ ስታስቀይሩ ዓይናችሁ ከልጁ እጅ አይነቀል። እዚያው ቆማችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ «ጢጥ» ማለቱ ብቻ ምስክር አይሆንም። አሮጌውን ቅርፊትም ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ላብ፣ ሻይና ላቫጆ

ባትሪ ተቀይሮም ዝም ካለች፣ የባትሪዋን መያዣ ብረቶች ተመልከቱ። ከጠቆሩ ወይም አረንጓዴ ነገር ካበቀሉ በላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ፈትጉና በአልኮል ጥረጉ። ከተኙ በጥቂቱ ቀና አድርጓቸው። ወድቃ ከሆነ ደግሞ መያዣው ከሰሌዳው ጋር የተያያዘበት ስታኞ ይሰነጠቃል፤ ስትጨምቋት የምትሠራ፣ ስትለቋት የምትተኛ ሪሞት ምልክቷ ይኼው ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይበይዳታል። አንዱ አዝራር ብቻ እምቢ ካለና ሌላው ከሠራ ችግሩ ከአዝራሩ ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ናት፤ እሷም በስታኞ ትቀየራለች።

ሱሪ ኪስ ውስጥ ሆና ከታጠበችስ? ቶሎ ብላችሁ ባትሪዋን አውጡ። ውኃውና ኤሌክትሪኩ አብረው ሲቆዩ ነው ሰሌዳውን የሚበሉት። ከዚያ ከፍታችሁ በንጹህ አልኮል ጥረጓትና ነፋስ ባለበት ቦታ አንድ ሁለት ቀን ትድረቅ። እየተጫናችሁ «ሠራች? አልሠራችም?» አትበሉ። ፀጉር ማድረቂያም አይሆንም፤ ግለቱ ፕላስቲኩን ያጣምማል። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚሉት ነገር ደግሞ አለ፤ ሩዙን ለምሳ አስቀምጡት። ሻይ ወይም ለስላሳ ከሆነ የፈሰሰባት ስኳሩ ስለሚቀር ያለ አልኮል አይሆንም።

ሪሞቷ ያለ ጥፋቷ

አንዳንዴ ደግሞ ሪሞቷን በከንቱ እንከሳታለን። ሌላኛዋን ቁልፍ ከቤት አምጥታችሁ ሞክሩ። እሷም እምቢ ካለች ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ማለት ይቻላል። የመኪናዋ ዋና ባትሪ ከተኛ የትኛዋም ሪሞት አትከፍታትም። ውስጥ ገብታችሁ ከሹፌሩ በር ላይ የበሮቹን መቆለፊያ ተጫኑ፤ በእሱም ካልተቆለፈ ፊውዝ ወይም የበሩ ሞተር ነው፣ ሪሞቷን ተዉአት። አንድ በር ገርበብ ብሎም እምቢ የምትል መኪና አለች። ሌላ ቦታ ላይ ሠርታ አንድ ሕንፃ ሥር ብቻ እምቢ ካለች ደግሞ አካባቢው ላይ ያለ ሞገድ ነው የሚረብሻት፤ ጠጋ ብላችሁ ሞክሩ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ወጣቶች በዝተዋል። እነሱም «የኛ ባትሪ ትልቅ ነው» ብለው እንዳይዘናጉ። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ለበር፣ ለመብራትና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ትንሽ 12 ቮልት አለው። እሱ ከተኛ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም በሩ አይከፈትም። በአንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ሹፌሩ በኩል ያለውን ስፖኪዮ የምትነካ ካርድ አለች። ሪሞቷ ስትደክም ታወጣችኋለችና መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳችሁ ውስጥ ትቀመጥ!

ሕፃን ሲጫወትባት ውሎ እምቢ የምትል ሪሞትም አለች። ሪሞቷ በተጫነች ቁጥር አዲስ ቁጥር ነው የምትልከው፤ መኪናዋም አብራ ትቆጥራለች። ርቃችሁ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ቆጠራው ይለያያል። አንዳንዶቹ አጠገቧ ቆሞ ሁለት ጊዜ በመጫን፣ ሌሎቹ የብረት ቁልፉን አስገብቶ በማዞር ይታረቃሉ።

አዲስ ልግዛ ካላችሁ

ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለ ሃይማኖት ወርዳችሁ «የዚህችን መንትያ» ስትሉ መንትያ የምትመስል ትሰጣላችሁ። መልክ ግን ያታልላል። ለአሜሪካና ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ሪሞት በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፣ የአውሮፓው በ433። የእኛ አገር መኪና ደግሞ ከየትም ከየትም ነው የመጣው። ስለዚህ ከኋላዋ ወይም ከውስጥ ሰሌዳዋ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥርም ያዙ። ያገለገለ ያለ ቁልፍ የሚነሳ ሪሞት ስትገዙ ደግሞ አስተውሉ፤ ብዙዎቹ አንዴ ከአንዲት መኪና ጋር ከተጋቡ በልዩ መሣሪያ ካልተፋቱ ሌላ አያገቡም። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት መኪናዋ ላይ ሠርታ ትታይ። ሁለቱንም ቁልፎች ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ መኪና አዲስ ሲመዘገብ ያልቀረበውን ቁልፍ ከመዝገቡ ይሰርዘዋል።

ሌባም «ጢጥ»ን ያውቃታል

ጀርባ ሰጥቶ ተጭኖ መሄድ አራዳነት ይመስላል። ነገር ግን አጠገባችሁ የቆመ ሰው ሞገዱን የሚያፍን መሣሪያ ይዞ ከሆነ መኪናዋ ትእዛዙን አትሰማም፤ ሳትቆለፍ ትታችኋት ትሄዳላችሁ። መስታወት አይሰበር፣ በር አይጎዳ፤ ላፕቶፑ ብቻ የለም። ፍሬቻዋ ብልጭ ማለቷን እዩ፤ እጀታውንም ሳብ አድርጉት። ያለ ቁልፍ የሚከፈቱት ላይ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ። ሁለት ሰዎች በመሣሪያ ቤት ውስጥ ያለችውን ሪሞት ድምፅ እስከ መኪናዋ ያደርሱታል፤ መኪናዋም ባለቤቷ የመጣ መስሏት ትከፍታለች። የጀርመን የመኪና ባለንብረቶች ክለብ፣ አዳክ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን በብዙ ሞዴሎች ላይ ሞክሮ አሳይቷል። መፍትሔው ሪሞቷን ከውጭ በር አጠገብ አለመስቀል ነው፤ በክዳን በሚገጥም የብረት ጣሳ ውስጥ ማሳደርም ይረዳል። በብዙ የቅርብ ጊዜ ቶዮታዎች «ዝጋ»ን እንደተጫናችሁ «ክፈት»ን ሁለት ጊዜ ስትጫኑ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ብሎ ሪሞቷ ትተኛለች፤ ባትሪዋም አብሮ ይቆጠባል። አንዱን አዝራር ስትነኩ ትነቃለች።

ቁልፋችሁን ላቫጆ ወይም ፓርኪንግ ስትሰጡም ከቤት ቁልፋችሁ ለይታችሁ ስጡ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ «ሁለተኛው ቁልፍ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጠፍቷል» ከተባላችሁ ስም ባዛወራችሁ ሰሞን ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ የጠፋውን ቁልፍ ከመኪናዋ ላይ አስሰርዙ። ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ አታውቁም።

የወጣችውን አሮጌ ባትሪ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አትተዋት። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች፤ «ሞታለች» የምትሏት ባትሪም ለዚህ የሚሆን ኃይል አላት። የመዋጥ ጥርጣሬ ካለ ማስታወክ ሳትሞክሩ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያረጀችዋን ሁለቱን ፊቷን በፕላስተር አሽጋችሁ እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ።